ነጭ ይጫወታል፣ ያሸንፋል፦ ሁለት ቀን የያዘኝ ፐዝል

ጥቁር ፈረስ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15)

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ጓደኛዬ ምሳ ሰዓት ላይ የማኪያቶ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይሄን የቼዝ ፐዝል ሥሎ ሰጠኝ። "ፈትተህ ካልመጣህ ነገ ሒሳቡ ያንተ ነው" አለኝ። ነገ ያለው ትናንት ነበር። ሒሳቡን ከፍያለሁ። ፐዝሉ ግን እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ሥዕል መለጠፍ ስላልቻልኩ በጽሑፍ ላስቀምጠው። ፊደሉ (ከኤ እስከ ኤች) ዓምዱን፣ ቁጥሩ (ከ1 እስከ 8) ረድፉን ነው የሚያሳየው። ቦርድ ያላችሁ ደርድሩት።

ነጭ፦ ንጉሥ ኤች1፣ ንግሥት ቢ2፣ ፈረሶች ዲ6 እና ኢ3፣ ወታደሮች ኤ2፣ ቢ3፣ ሲ4፣ ዲ5፣ ኤች2።

ጥቁር፦ ንጉሥ ጂ8፣ ንግሥት ጂ5፣ ሩክ ኤፍ7፣ ፈረስ ኤ5፣ ወታደሮች ኤ6፣ ቢ5፣ ሲ5፣ ኤች7።

ተራው የነጭ ነው። እባካችሁ ኢንጂን (የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም) ውስጥ አታስገቡት። አንድ ላይ እናስበው።

የሰፈር ሩክ (ከምሽቱ 2:31)

ዲ6 ላይ ያለው ፈረስ ሩኩን ይበላዋ! ምን ያስጨንቃል?

ጥቁር ፈረስ (ከምሽቱ 2:38)

እኔም የጀመርኩት በእሱ ነው ወንድሜ። ግን ሩኩ ብቻውን አይደለም። ንጉሡ አጠገቡ ቆሟል። ፈረሱ ሩኩን ሲበላ ንጉሡ ፈረሱን ይበላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አንድ አንድ ንግሥትና አንድ አንድ ፈረስ ይቀራቸዋል። ወታደር 5 ለ4 ነው። ነጭ ይሻላል፣ ግን ጨዋታው ገና ነው። ጓደኛዬ ደግሞ "ወዲያው ያልቃል" ነው ያለኝ።

የሁለት ልጆች እናት (ከምሽቱ 2:52)

እኔ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ኢ3 ላይ ያለው ፈረስ ነው። የጥቁር ንግሥት ከጂ5 በሰያፍ ታየዋለች። ማንም አይጠብቀውም። ወደ ጂ2 ብናመጣውስ? ንጉሡንም ከለላ ይሆነዋል።

ማት በሦስት (ከምሽቱ 3:04)

እህቴ፣ ፈረሱ አደጋ ላይ ነው ማለትሽ ልክ ነው። ግን ጂ2 ላይ ከሄደ ጥቁር ሩኩን ኤፍ1 ላይ ያወርዳል፣ ማት ነው፣ ጨዋታው አለቀ። ቦርዱ ላይ ሞክሪው። ጂ1ን ሩኩ ይዞታል። ኤች2 ላይ የራሱ ወታደር፣ ጂ2 ላይ ደግሞ አሁን ያመጣነው ፈረስ ቆሟል። መሐል የሚገባም፣ ሩኩን የሚበላም የለም።

ኢ3 ላይ ያለው ፈረስ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ኤፍ1ን የሚጠብቀው እሱ ነው። ስለዚህ ነጭ ለመዝናናት ጊዜ የለውም። እያንዳንዱ እርምጃ ወይ ቼክ (ንጉሡን መምታት) ወይ መብላት መሆን አለበት ብዬ ነው የማስበው።

የሁለት ልጆች እናት (ከምሽቱ 3:09)

ደርድሬ አየሁት። እውነት ነው፣ ማት! አመሰግናለሁ። ትልቋ ልጄ አጠገቤ ሆና እያየች ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። "ቼክ ከሆነማ ሁለት ብቻ ነው ያለው" እያለችኝ ነው። እየቆጠርን ነው።

ሌሊት ሠራተኛ (ከምሽቱ 3:20)

ሰላም ከቨርጂኒያ። እዚህ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ማታ ስለምሠራ አሁን ነው የተነሣሁት። ቡናዬን ይዤ አየሁት።

መልሱን አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ንጉሡ ጂ8 ላይ ባይኖር ኖሮ ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ቢቆም ምን ምን ይመታ ነበር? በጣታችሁ ንኩት። ዲ8፣ ዲ6፣ ኢ5፣ ጂ5፣ ኤች6፣ ኤች8። ስድስት ቤት ነው። ከስድስቱ አንዱ ላይ የጥቁር ንግሥት አለች። አሁን ሌላ ከባድ የጥቁር ሰው (ጠጠር ማለቴ ነው) ከቀሩት አምስት ቤቶች አንዱ ላይ መቆም አለበት። የትኛው ላይ ማድረስ ይቻላል? በምን?

እኔ ፐዝል ስፈታ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ምኞቴን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ምኞቴን የከለከለኝ ማን እንደሆነ እፈልጋለሁ።

የሰፈር ሩክ (ከምሽቱ 3:27)

ንግሥት ኤች8!!! ቼክ!

አገኘሁት! ንጉሡ ይበላታል። ከዚያ ፈረስ ኤፍ7 ላይ ያለውን ሩክ ይበላል፣ ቼክ! ንጉሡም ንግሥቲቱም በአንድ ፈረስ! ፎርክ! ወይኔ እንዴት ያምራል!

ጥቁር ፈረስ (ከምሽቱ 3:33)

ኧረ ጉድ። ሁለት ቀን ሙሉ ንግሥቴን ከቢ2 ወዴት ላድናት እያልኩ ነበር የማስበው። ያ ሰያፍ መንገድ እስከ ኤች8 ድረስ ባዶ መሆኑን አላየሁም።

ግን ቆይ። ንጉሡ ባይበላትስ? ቢሸሽስ?

ማት በሦስት (ከምሽቱ 3:46)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፐዝሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ንጉሡ ጂ8 ላይ ነው። ኤፍ8 ቢሄድ ንግሥቲቱ በስምንተኛው ረድፍ ታየዋለች። ጂ7 ቢሄድ በሰያፍ አጠገቧ ነው። ኤፍ7 ላይ የራሱ ሩክ አለ። ኤች7 ላይ የራሱ ወታደር አለ። መሐል የሚገባ ነገር የለም፣ ምክንያቱም ንግሥቲቱና ንጉሡ ጎን ለጎን ናቸው። ከንጉሡ ሌላ ኤች8ን የሚደርስበት የጥቁር ሰው የለም። እንግዲህ በሕጉ የሚፈቀድለት አንድ እርምጃ ብቻ ነው፣ እሱም ንግሥቲቱን መብላት።

ሲበላት ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ኤፍ7ን መጠበቁን ይተዋል። ከኤች8 እጁ እዚያ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ፈረሱ ከኤፍ7 ሊመታው የሚችልበት ቤት ላይ ራሱ ሄዶ ይቆማል። ፈረሱ ሩኩን በልቶ ቼክ ይላል። ንጉሡ ጂ7 ወይም ጂ8 ይሄዳል። ፈረሱ ጂ5 ላይ ንግሥቲቱን ይበላል። አለቀ።

ሒሳቡን ልሥራው። በተለመደው ነጥብ (ንግሥት 9፣ ሩክ 5፣ ፈረስ 3፣ ወታደር 1) ከመጀመሩ በፊት ነጭ 20፣ ጥቁር 21 ነበር። ነጭ በአንድ ወደኋላ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ ነጭ ሁለት ፈረስና 5 ወታደር፣ 11። ጥቁር አንድ ፈረስና 4 ወታደር፣ 7። ንግሥት ሰጥቶ ንግሥትና ሩክ ተቀበለ።

የሁለት ልጆች እናት (ከምሽቱ 3:51)

እኛም ደርሰንበት ነበር፣ የሰፈር ሩክ ቀደመን! ልጄ ቅር ብሏታል። ግን ደስ ብሏትም ነበር። ንግሥቲቱን በሁለት እጇ ይዛ ነው ኤች8 ላይ ያስቀመጠቻት።

ጋሽ ሰንጠረዥ (ከምሽቱ 4:10)

ልጆች፣ ይህ ፐዝል አይደለም፣ ታሪክ ነው። ጓደኛህ ከየት እንዳመጣው ነግሮሃል?

እ.ኤ.አ. 1966፣ ሞስኮ። የዓለም ሻምፒዮና፣ 10ኛው ጨዋታ። ነጭ ሻምፒዮኑ ቲግራን ፔትሮስያን፣ ጥቁር ቦሪስ ስፓስኪ። ነጭ በ30ኛው እርምጃ ንግሥቱን ኤች8 ላይ አስቀመጠ። ስፓስኪ እዚያው እጅ ሰጠ። ፎርኩ ቦርዱ ላይ አልታየም። ሁለቱም በሐሳባቸው አይተውት ነበርና።

ፔትሮስያን ትብሊሲ የተወለደ አርመናዊ ነው። በ1963 ቦትቪኒክን አሸንፎ ነው ዘውዱን የያዘው። ሰዎች በመከላከል ነው የሚያውቁት፣ ግድግዳ ነበር። ከእሱ ጋር የተጫወተ ሰው ቀዳዳ ፍለጋ ይደክም ነበር። ግን ሩክ ሰጥቶ ፈረስ ወይም ቢሾፕ መቀበል ይወድ ነበር። በዚህ ጨዋታ ራሱ ሁለት ጊዜ አድርጎታል። መጀመሪያ ኤፍ1 ላይ ያለውን ሩክ ስፓስኪ በቢሾፕ ሲያስፈራራው አላንቀሳቀሰውም። ፈረሱን ከዲ1 ወደ ኢ3 አመጣ። ያ ፈረስ ነው እስከ መጨረሻው ኤፍ1ን ሲጠብቅ የነበረው። ከዚያ በ24ኛው እርምጃ ሌላውን ሩክ ለኤፍ4 ፈረስ ሰጠ። ንግሥቲቱ ሦስተኛዋ ነበረች።

ሻምፒዮናው 24 ጨዋታ ነበር። ፔትሮስያን 12.5 ለ11.5 አሸነፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1969 ግን ስፓስኪ ተመልሶ መጥቶ ዘውዱን ወሰደበት። ስፓስኪ በ2025 ነው ያረፈው። ዜናውን የሰማሁ ቀን ይህን ጨዋታ ነበር የደረደርኩት። የተሸነፈበትን መደርደሬ ልክ አልመሰለኝም፣ ኋላ በ1969 ካሸነፋቸው አንዱን ጨምሬ ደረደርኩለት።

ጥቁር ፈረስ (ከምሽቱ 4:18)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ አልነገረኝም። ደረሰኙን አልጥለውም።

የሰፈር ሩክ (ከምሽቱ 4:22)

ጋሽዬ አንድ ጥያቄ። ሩኩ ኤፍ7 ላይ እንዴት ደረሰ? ጥቁር ዝም ብሎ እዚያ ያስቀመጠው አይመስለኝም።

ጋሽ ሰንጠረዥ (ከምሽቱ 4:35)

ጎበዝ። 29ኛውን እርምጃ ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ኢ6 ላይ ቢሾፕ ነበረው፣ ዲ6 ላይ ደግሞ ይኸው ፈረስ። ኤፍ7 ላይ የጥቁር ሩክ ነበር፣ ሁለተኛው ሩክ ደግሞ ከኤ7 በረድፉ ይጠብቀው ነበር። ሩኩን በፈረስም በቢሾፕም መብላት ይቻላል። ፔትሮስያን በቢሾፑ በላ። ጥቁር በሁለተኛው ሩክ መለሰ። አሁን ቢሾፑ ጠፋ፣ ፈረሱ ግን ዲ6 ላይ ቀረ። ሁለተኛው ሩክም ራሱ መጥቶ ኤፍ7 ላይ ቆመ።

ሰዎች ንግሥቲቱን ነው የሚያደንቁት። እኔ ያን ቢሾፕ ነው የማደንቀው።

ሌሊት ሠራተኛ (ከምሽቱ 4:49)

ጋሽ ሰንጠረዥ እንዲህ ሲያብራሩ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ፎርክን የከፈተልኝ ስለሆነ።

ፈረስ ሁልጊዜ የቤት ቀለም ይቀይራል። ከጥቁር ቤት ተነሥቶ ነጭ ቤት ላይ ያርፋል፣ ከነጭ ተነሥቶ ጥቁር ላይ። ስለዚህ ፈረስ በአንዴ የሚመታቸው ቤቶች ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው። ኤፍ7 ነጭ ቤት ነው፣ የሚመታቸው ስድስቱም ጥቁር።

አሁን ወደ ፐዝሉ ተመለሱ። የጥቁር ንግሥት ጂ5 ላይ ናት፣ ጥቁር ቤት። ንጉሡ ጂ8 ላይ ነው፣ ነጭ ቤት። ሁለቱ እንዲህ እንደቆሙ ዓለም ላይ ያለ ፈረስ ሁሉ ቢመጣ ሁለቱን በአንዴ መምታት አይችልም። ንግሥቲቱ ኤች8 ላይ ሄዳ ንጉሡን ከነጭ ቤት ወደ ጥቁር ቤት ጎትታ አመጣችው። የሞተችው ለአንድ እርምጃ የቀለም ለውጥ ነው።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ ቦርዱን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "ንጉሡና ንግሥቱ አንድ ቀለም ላይ ናቸው?" ነው። ካልሆኑ ፎርክ የለም፣ አልደክምም።

ማት በሦስት (ከምሽቱ 5:03)

በጣም ጥሩ አገላለጽ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ ያልከው ላይ ላስተካክልህ። "ካልሆኑ አልደክምም" ካልክ ይሄንኑ ፐዝል ታልፈው ነበር። ካልሆኑ "በቼክ ቀለሙን ማስቀየር እችላለሁ?" ብለህ ነው መጠየቅ ያለብህ።

ደግሞ ሁልጊዜ ቀለም ብቻ አይደለም። ራሱ ፔትሮስያን ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1956፣ ከሲማጊን ጋር ሞስኮ ላይ ይህንኑ ንግሥት ኤች8 ተጫውቷል። እዚያ የጥቁር ንጉሥ ጂ7 ላይ ነበር፣ ንግሥቲቱ ኢ5 ላይ። ሁለቱም ጥቁር ቤት፣ ቀለማቸው ከመጀመሪያውም አንድ ነው። ችግሩ ጥበቃው ብቻ ነበር። ንጉሡ ጂ7 ሆኖ ኤፍ7ን ይይዛል። ንግሥቱን ኤች8 ላይ ሰጠው፣ ንጉሡ በላ፣ ከኤፍ7 ራቀ። ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ሲገባ ኤች8ንም ኢ5ንም ያገኛል። ሲማጊን እጅ ሰጠ።

ስለዚህ በ1956 ጥበቃውን ለማስለቀቅ፣ በ1966 ጥበቃውንም ለማስለቀቅ ቀለሙንም ለማስቀየር። ቤቱ ያው ኤች8፣ ፈረሱ የሚያርፈው ያው ኤፍ7።

ሌሊት ሠራተኛ (ከምሽቱ 5:08)

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። የሲማጊኑን አላውቀውም ነበር። ሥራ ከመግባቴ በፊት እደረድረዋለሁ።

ጋሽ ሰንጠረዥ (ከምሽቱ 5:20)

ስለ ቀለም ስታወሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእኛ የጥንቱ ሰንጠረዥ ቦርድ ቤቶቹ በቀለም አይለዩም። ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ የጥንቱ ሰው ይህን የቀለም ዘዴ በዓይኑ ማየት አይችልም ነበር። የፈረሱን ዝላይ በልቡ ነበር የሚይዘው። ፈረሱ ደግሞ ያው ነው፣ ዝላዩ ከዛሬው አይለይም።

ንግሥት ግን አልነበረችም። በእሷ ቦታ ፈርዝ ነበር። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። እሱን መስጠት ማንንም አያስደነግጥም። ጨዋታው ደግሞ በወረራ ይጀምራል። የመጀመሪያው መብላት እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያንቀሳቅሳሉ። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሳስብ ፈረስን እንዴት ያለ ዓይን ይከታተለው እንደነበር ይገርመኛል።

የሰፈር ሩክ (ከምሽቱ 5:26)

ተራ ሳይጠብቁ?! ይሄ ለብቻው ሌላ ክር ይፈልጋል። ጋሽዬ በእናትዎ ይክፈቱልን።

ጋሽ ሰንጠረዥ (ከምሽቱ 5:31)

እሺ፣ ቅዳሜ እጽፋለሁ።

ጥቁር ፈረስ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05)

ዛሬ ምሳ ላይ ለጓደኛዬ መልሱን ሰጠሁት። ንግሥት ኤች8 ስለው ሳቀ። ከዚያ "ንጉሡ ኤፍ8 ቢሄድስ?" አለኝ፣ ሊፈትነኝ። አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ስለ ቀለሙ ስነግረው ግን ዝም አለ። ስኳር መያዣውንና ሁለት ስኒ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ራሱ አየው። እሱም አያውቀውም ነበር። የዛሬውን ማኪያቶ እሱ ከፈለ።

የሁለት ልጆች እናት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:40)

ትናንት ልጄ ቅር ብሏት ስለተኛች ዛሬ የቤት ሥራ ሠራሁላት። ሁሉንም ሰው እንዳለ ተውኩት። የጥቁርን ንግሥት ብቻ ከጂ5 አንሥቼ ፈረሱ ከኤፍ7 የሚመታቸው ሌሎች ቤቶች ላይ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ዲ8፣ ቀጥሎ ኢ5፣ ቀጥሎ ኤች6። "ንግሥት ኤች8 በሦስቱም ይሠራል ወይ?" አልኳት። እኔ በሦስቱም ይሠራል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ዲ8 ላይ "ይሠራል" አለች፣ አሳየችኝ። ኢ5 ላይ ሳቀችብኝ። "እማዬ፣ መንገዱን ዘግታለች። ደግሞ በእኛ ንግሥት ዝም ብዬ እበላታለሁ!" ልክ ናት፣ ከቢ2 እስከ ኢ5 ባዶ ነው።

ኤች6 ላይ ብዙ ቆየች። ራቱ ቀዘቀዘ። ንግሥቲቱን ሰጠች፣ ንጉሡ በላ፣ በፈረሱ ሩኩን በላች፣ ቼክ። ንጉሡን ጂ7 ላይ አስቀመጠችው። ፈረሱን አንሥታ ኤች6 ላይ ንግሥቲቱን በላች። ከዚያ የጥቁርን ንጉሥ በጣቷ ይዛ ፈረሱ ላይ አወጣችው። "ይበላኛል" አለች። "እዚህ ከሆነች ንጉሡ ይጠብቃታል። ጂ5 ላይ ግን እጁ አይደርስም።"

ማት በሦስት፣ እባክህ አንተም እየው። ልክ ናት አይደል?

ማት በሦስት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:58)

ደረደርኩት። ልክ ናት። ኤች6 ላይ ከሆነች መጨረሻው አንድ ፈረስ ለአንድ ፈረስ፣ 5 ወታደር ለ4 ነው። ጥቁር ፈረስ ማክሰኞ ማታ "ጨዋታው ገና ነው" ያለው ዓይነት። እኔም ሳልደረድር ብትጠይቂኝ ይሠራል እል ነበር። ሌላ ፐዝል እየፈለግኩላት ነው፣ ነገ እዚሁ እለጥፋለሁ። ለሌሎቻችሁ፦ እሷ እስክትመልስ ማንም መልሱን እንዳይጽፍ።

የሰፈር ሩክ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:01)

ቃሌ ነው፣ አልጽፍም።